በዕቅድ ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች ያተረፉን ዓመት

የእንግሊዙ ክለብ የኤቨርተን ደጋፊ ነኝ ስል የሚከተለው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ለምን?» መልሴ አጭር ነው። ቲም ካሂል በግንባሩ ጎል አግብቶ፣ ሮጦ ሄዶ የማዕዘን ባንዲራውን በቡጢ ሲነርተው አየሁ። በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ዋንጫ የሚባል ነገር አላየሁም። ክለቡም ቢሆን ከ1995ቱ የኤፍኤ ዋንጫ በኋላ አንድም ትልቅ ዋንጫ አላነሳም።

ጓደኞቼ አራተኛ ሆነን ጨረስን፣ አምስተኛ ሆነን ቀረን ብለው ሲያዝኑ እሰማቸዋለሁ። አይፈረድባቸውም፤ የሰንጠረዡን ግርጌ አያውቁትም። እኔ ግን ከታች ያሉትን አምስትና ስድስት ክለቦች ቀሪ መርሃ ግብር በቃሌ የያዝኩበት ዓመት አለኝ። የ2022/23 የውድድር ዓመት ነው።

ኤቨርተን ተራ ክለብ አይደለም። የሊጉን ዋንጫ 9 ጊዜ አንስቷል። በየዓመቱ የመጨረሻዎቹ ሦስት ክለቦች ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳሉ፤ ኤቨርተን ግን ከ1954 ጀምሮ ከከፍተኛው ሊግ ወርዶ አያውቅም። ይህ ታሪክ ደህና ቀን ላይ ያኮራል፤ ክፉ ቀን ላይ ግን ሸክም ነው። ብዙ ጊዜ የወረደ ክለብ እንደገና መውጣትን ያውቅበታል። ለአሥርት ዓመታት ያልወረደ ክለብ ደጋፊ ግን ታች ምን እንዳለ ስለማያውቅ በዓይነ ሕሊናው የሚስለው ገደል ነው።

ነገሩ በዚያ ዓመት አልጀመረም። በሜይ 2022 በያኔው ሜዳችን በጉዲሰን ፓርክ ከክሪስታል ፓላስ ጋር ተጫወትን። ለእረፍት ስንወጣ 2 ለ 0 እየተመራን ነበር። ከእረፍት መልስ ማይክል ኪን አንድ አገባ፣ ሪቻርሊሰን አቻ አደረገን፣ በ85ኛው ደቂቃ ካልቨርት ሌዊን በግንባሩ ጨረሰው። 3 ለ 2። ተረፍን። ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው፤ ሰማያዊ ጭስ ስታዲየሙን ሸፈነው። ያን ምሽት ከውጭ ያየን ሰው ዋንጫ የበላን ይመስለው ነበር። እኔም ጮኬያለሁ። «ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ከእንግዲህ አይደገምም» ተባባልን።

ተደገመ።

መጀመሪያ ሪቻርሊሰን ለቶተንሃም ተሸጠ። ባለፈው ዓመት በሊጉ ብዙ ጎል ያገባልን እሱ ነበር። ክለቡ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ ምክንያቱ በግልጽ የገባን ግን ዘግይቶ ነው። ካልቨርት ሌዊን ደግሞ ያን ዓመት ከጉዳት ወደ ጉዳት ሲመላለስ ከረመና በሊጉ 2 ጎል ብቻ አገባ። ጎል የሚያገባ ሰው የሌለው ቡድን እንዴት እንደሚጫወት ካላያችሁ ይቅርባችሁ። ኳሱ ይያዛል፣ ይንሸራሸራል፣ የተቃራኒ ቡድን የቅጣት ክልል ጋ ሲደርስ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል።

ኦክቶበር 22 ላይ ክሪስታል ፓላስን 3 ለ 0 አሸነፍን። ከዚያ በኋላ በሊጉ እስከ ፌብሯሪ ድረስ ድል አላየንም። በመሃል የዓለም ዋንጫ ነበረ፤ እንደ እኔ ላለ ደጋፊ እውነተኛ የዕረፍት ጊዜ። ሊጉ ሲመለስ ዎልቭስ ሜዳችን ድረስ መጥቶ በባከነ ሰዓት አሸነፈን። ብራይተን 4 ለ 1 ቀጣን። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይኸው ነው።

ጃንዋሪ ከሁሉም የከፋው ነበር። ከሳውዝሃምፕተን ጋር በሜዳችን ስንጫወት የክለቡ የቦርድ አባላት ለደህንነታቸው ሲባል ስታዲየም እንዳይገቡ ተመከሩ። የክለብ አመራር የራሱን ክለብ ጨዋታ ከቤቱ ሆኖ ሲያይ አስቡት። የሊጉ ግርጌ ላይ በነበረው በዚያ ቡድን 2 ለ 1 ተሸነፍን። ደጋፊው ከጨዋታው በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተቃውሞውን አሰማ። በሳምንቱ በዌስትሃም ተሸነፍንና አሰልጣኙ ፍራንክ ላምፓርድ ተሰናበተ። ከዚያ አንቶኒ ጎርደን ለኒውካስል ተሸጠ። የዝውውር መስኮቱ ሲዘጋ የገባ ተጫዋች ቁጥር ዜሮ። ለመውረድ የተቃረበ ክለብ፣ ጎል የማያገባ ክለብ፣ አንድም አጥቂ ሳያስፈርም መስኮቱን ዘጋ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆም። በቀድሞው ባለቤት በፋርሃድ ሞሺሪ ዘመን ክለቡ ለተጫዋቾች ግዢ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቷል። ስም ያላቸው አሰልጣኞች መጡ፣ ስም ያላቸው ተጫዋቾች መጡ። አንዱ አሰልጣኝ ያስገዛውን ተከታዩ አይፈልገውም፤ ይሸጣል፣ ሌላ ይገዛል። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ የመጨረሻው ውጤት በ20 ጨዋታ 15 ነጥብና 19ኛ ደረጃ ሆነ። ያን ዓመት ዞር ብዬ ሳየው አንድ ነገር ደጋግሞ ይገርመኛል። ወደ ገደሉ አፋፍ ያደረሰን ዕቅዱ ነው። ከአፋፉ የጎተቱን ደግሞ በዕቅዱ ውስጥ ያልነበሩት ሰዎች ናቸው።

አዲሱ አሰልጣኝ ሾን ዳይች በጃንዋሪ መጨረሻ መጣ። በርንሌይን ለዓመታት በትንሽ ገንዘብ ሊጉ ውስጥ ያቆየ፣ በዚያው በርንሌይ ከመውረዱ በፊት የተባረረ ሰው ነው። ጢሙ ቀይ፣ ድምፁ ጎርናና፣ እግር ኳሱ ደግሞ እንደ ድምፁ። ማንም ደስ ብሎት የተቀበለው አይመስለኝም። እኔም «ይሁን እንግዲህ» ነው ያልኩት።

የመጀመሪያ ጨዋታው ሊጉን ከሚመራው አርሰናል ጋር ነበር። የአርሰናል ደጋፊ ጓደኞቼ ጨዋታውን እንደ ልምምድ ነው ያዩት። በ60ኛው ደቂቃ ድዋይት ማክኒል የማዕዘን ምት አሻማ፣ ተከላካያችን ታርኮውስኪ ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ አስቆጠረ። 1 ለ 0 አለቀ። ሁለቱም ከበርንሌይ የመጡ ናቸው። ማክኒል በላምፓርድ ዘመን ሲዘለፍ የከረመ ልጅ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ በሊጉ 7 ጎል አግብቶ የክለቡ ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ ሆነ።

ግን ያ ድል ሁሉን አልፈታም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊድስን በአምበላችን በኮልማን ጎል አሸነፍን። ከመስመሩ ዳር፣ ማንም ጎል ይገባል ብሎ ከማይጠብቅበት ቦታ የመታት ናት። በመሃል በሊቨርፑል ተሸነፍን፣ ቆይቶ አርሰናል 4 አገባብን። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ።

እንዲህ ያለ ዓመት የደጋፊን አእምሮ ያበላሻል። ከዚያ በፊት እግር ኳስ የማየው የራሴን ቡድን ለማየት ነበር። ያኔ ግን የሊድስና የሌስተርን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጬ አየሁ። የምመኘው አቻ ብቻ ነው። አንዱ ሲያገባ ሌላው እንዲመልስ እጸልያለሁ። 1 ለ 1 ሲያልቅ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። አጠገቤ የነበረ ሰው «የማን ደጋፊ ነህ?» አለኝ። ምን ልበለው? የማንም አይደለሁም፤ የነጥብ መጋራት ደጋፊ ነኝ። ሰው በሌላው ውድቀት መደሰት እንደሌለበት ተምሮ ያድጋል፤ የሰንጠረዡ ግርጌ ግን ያን ትምህርት በአንድ ወር ያስረሳል። አንድ ቡድን ሲሸነፍ ሰራተኞቹ ስራ ሊያጡ እንደሚችሉ፣ የቴሌቪዥን ገቢው እንደሚያሽቆለቁል አውቃለሁ። ቢሆንም «ይሸነፉ» እላለሁ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ዓመቱን በ36 ነጥብ ጨረስን። ሌስተር በ34 ወረደ፣ ሊድስ በ31፣ ሳውዝሃምፕተን በ25። በእኛና በሌስተር መካከል ያለው 2 ነጥብ ብቻ ነው፤ በጎል ልዩነት ደግሞ እነሱ በሰፊው ይበልጡናል። ስለዚህ ከሰበሰብነው ነጥብ ሁለቱ ቢጎድሉ እኛ ነን የምንወርደው።

እነዚያ ነጥቦች ከየት መጡ? ማርች ላይ በቼልሲ ሜዳ 2 ለ 1 እየተመራን በ89ኛው ደቂቃ ኤሊስ ሲምስ አገባ። ሲምስ በውሰት ሰንደርላንድ ሄዶ ሲጫወት የነበረ፣ ሌላ አጥቂ ስለጠፋ ብቻ በዓመቱ አጋማሽ የተጠራ ወጣት ነው። ለዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጎሉ ነበረች። ኤፕሪል ላይ ከቶተንሃም ጋር በ10 ሰው እየተጫወትን፣ 1 ለ 0 እየተመራን፣ 90ኛው ደቂቃ ላይ ማይክል ኪን ከሩቅ ለጋት። ኳሷ መረቡ ላይ ስታርፍ ማመን አቃተኝ። ኪን ተከላካይ ነው፤ ያውም ለወራት ተጠባባቂ ወንበር ላይ የከረመ። ሜይ ላይ ከዎልቭስ ጋር 1 ለ 0 ተሸንፈን ሊያልቅ ሲል በባከነው ሰዓት 9ኛ ደቂቃ ላይ ያሪ ሚና አገባ። እሱም ተከላካይ፣ ዓመቱን በጉዳትና በወንበር ያሳለፈ፣ ኮንትራቱ ሊያልቅ ሳምንታት የቀሩት።

ሦስት ዘግይተው የመጡ ጎሎች፣ ሦስት ነጥብ። ከሦስቱ ሁለቱ ባይገቡ ኤቨርተን ወርዶ ነበር። ከ500 ሚሊዮን ፓውንዱ ዕቅድ ውስጥ ማን ነው «ሲምስ፣ ኪንና ሚና ያተርፉናል» ብሎ የጻፈው?

ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን ሜይ 1 ላይ በሌስተር ሜዳ የሆነው ነው የማይረሳኝ። እንዲህ ያለውን ግጥሚያ የስድስት ነጥብ ጨዋታ ይሉታል፤ ስታሸንፍ አንተ ሦስት ታገኛለህ፣ ተፎካካሪህ ሦስት ያጣል። ቀድመን አገባን፣ ሁለት ገባብን። ኮልማን ተጎድቶ በቃሬዛ ወጣ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ሌስተር ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ጄምስ ማዲሰን ኳሷን አስቀመጠ። 3 ለ 1 ሊሆን ነው፤ እኔ ፊቴን አዙሬያለሁ።

በረኛችን ጆርዳን ፒክፎርድ አልተወረወረም። መሃል ላይ ቆሞ ጠበቀ። ማዲሰን በቀጥታ መሃል ላይ መታት፣ ፒክፎርድ አዳናት። በኋላ እንደታየው በረኛው የውሃ ጠርሙሱ ላይ ስለ ሌስተር መቺዎች የተጻፈ ማስታወሻ ነበረው፤ ማዲሰን ጋ ሲደርስ ቆመህ ጠብቅ ይላል። ፒክፎርድ በተፈጥሮው መቆም የሚችል ሰው አይደለም። ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ያጉረመርማል። ያን ቀን ግን ቆመ። ከእረፍት መልስ ኢዎቢ አገባና 2 ለ 2 ተለያየን።

ያቺ ፍጹም ቅጣት ምት ብትገባና ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቢቀጥል ሌስተር 3 ለ 2 ያሸንፋል። ዓመቱ ሲያልቅ እነሱ 36፣ እኛ 35። እነሱ ሊጉ ውስጥ፣ እኛ ሁለተኛው ሊግ ሻምፒዮንሺፕ ውስጥ። በእርግጥ እግር ኳስ እንዲህ አይሰላም፤ አንድ ነገር ሲቀየር ሌላው ሁሉ ይቀየራል። ግን ይሄን ሂሳብ ሳልሰራው ማደር አልቻልኩም።

በሳምንቱ ብራይተን ሄድን። ጃንዋሪ ላይ 4 ያገባብን ቡድን፣ ከቀናት በፊት ማንቸስተር ዩናይትድን ያሸነፈ ቡድን። እኛ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነን። ጨዋታው ከተጀመረ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አብዱላዬ ዱኩሬ አገባ። 5 ለ 1 አሸነፍን። ዛሬም ምን እንደተፈጠረ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። ዓመቱን ሙሉ ጎል ያጣ ቡድን በአንድ ምሽት አምስት አገባ፤ ዱኩሬ ሁለት፣ ማክኒል ሁለት፣ አንዷን የብራይተን በረኛ በራሱ ላይ።

ዱኩሬ በላምፓርድ የመጨረሻ ሳምንታት ከቡድኑ ውጪ የነበረ ሰው ነው። ዳይች መጥቶ መለሰው። ረጅም፣ ሩጫ የማይደክመው፣ ኳስ ሲቆጣጠር ግን አንዳንዴ ልብ የሚያቆም አማካይ። ከቶተንሃም ጋር በ10 ሰው ያስቀረን እሱ ነው፤ የሃሪ ኬንን ፊት ገፍቶ ቀይ ካርድ አየ። ያኔ ስሙን እየጠራሁ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

የመጨረሻው ቀን፣ ሜይ 28። እኛ 33 ነጥብ፣ ሌስተርና ሊድስ 31። ከበርንማውዝ ጋር በጉዲሰን። ካልቨርት ሌዊን ተጎድቷል፣ ኮልማን ተጎድቷል፣ የመስመር ተከላካይ የሚባል ጠፍቷል። ደጋፊው መንገድ ዳር ተሰልፎ የቡድኑን አውቶቡስ በሰማያዊ ጭስ ተቀበለው። በ34ኛው ደቂቃ ሌስተር በሃርቪ ባርንስ ጎል ዌስትሃምን መምራት ጀመረ። ነጥባችን እኩል 34 ሆነ፣ በጎል ልዩነት እኛ ከታች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በቀጥታ በሚለዋወጠው ሰንጠረዥ ላይ ኤቨርተን የወረደ ክለብ ነበር። ከ1954 ጀምሮ የቆየው ነገር በስልኬ ስክሪን ላይ አልቋል።

በ57ኛው ደቂቃ በርንማውዞች ያወጧት ኳስ ከቅጣት ክልሉ ጫፍ ወደ ዱኩሬ መጣች። ሳያስቆም መታት። ገባች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጨዋታ አልነበረም፤ ሰዓት መቁጠር ነው። ዳኛው 10 ደቂቃ የባከነ ሰዓት ጨመረ። 10! በዚያ ውስጥ የበርንማውዙ ቪኛ የመታትን ፒክፎርድ አዳነ። ፊሽካው ተነፋ። 1 ለ 0።

ልክ እንደ ባለፈው ዓመት ሰው ሜዳ ገባ። ግን መልኩ ሌላ ነበር። ባለፈው ዓመት የነበረው ዘፈን ነው፤ ያን ቀን ብዙም ሳይቆይ ወደ ተቃውሞ ተቀየረ፣ ቦርዱ ይውረድ የሚል ጩኸት። ብድር በብድር ከፍሎ ቤቱ እንደገባ ሰው ነበር ሁላችንም የሆንነው። ለዛሬ ተከፍሏል። ደስታ ግን አይባልም። ዳይችም ፊቱ ላይ ፈገግታ አላየሁበትም፤ ስለዚህም ወደድኩት።

የሌስተር ደጋፊ የሆነ ወዳጅ አለኝ። 2015 ላይ ክለቡ ከሊጉ ግርጌ ተነስቶ፣ ከመጨረሻዎቹ 9 ጨዋታዎች 7ቱን አሸንፎ ተረፈ፤ በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሲያጽናናኝ ነበር። «ከታች ያየ ነው ወደ ላይ የሚወጣው» ይለኛል። ያን ቀን ሌስተር አሸነፈ፣ 2 ለ 1፤ አሸንፎ ወረደ። ምን ብዬ እንደምጽፍለት ግራ ገባኝ። ማዘኔን ብነግረው ውሸት ነው። ደስ ብሎኛል ብለው ጭካኔ ነው። ዝም አልኩ። ማታ ላይ እሱ ራሱ «እንኳን ደስ ያለህ፣ አንተ ሌባ» ብሎ ጻፈልኝ።

ሌባ ያለው ለቀልድ ነበር። ኖቬምበር ላይ ግን ቀልድ መሆኑ ቀረ። ክለቡ በሦስት ዓመት ከተፈቀደው 105 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ በ19.5 ሚሊዮን አልፏል ተብሎ 10 ነጥብ ተቀነሰበት። የታየው ሂሳብ እስከ 2021/22 ያለው ነው፤ ካልቨርት ሌዊን በፓላስ ላይ ያገባበት ዓመት። በይግባኝ ወደ 6 ዝቅ አለ፤ ቆይቶ በሌላ ክስ 2 ተጨመረ። ነጥብ የተቆረጠው ዕቅዱን ካወጡት ሰዎች አይደለም። ሜዳ ላይ ካሉት ነው። እነሱም በዚያ የ2023/24 ዓመት በላባቸው 48 ነጥብ ሰብስበው በ40 ጨረሱ። ከሦስቱ ዓመታት ሜዳ ላይ ጥሩ የተጫወትነው በተቀጣንበት ዓመት መሆኑን እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል።

ወዳጄ ግን ስለ ላብ መስማት አይፈልግም። «6ቱ ነጥብ በጊዜው ቢቀነስስ?» ይለኛል። ሂሳቡ ቀላል ነው። 36 ሲቀነስ 6፣ 30። ሌስተር በ34 ይተርፋል። የበርንሌይ ደጋፊ ደግሞ ስለ 2022 ተመሳሳይ ሂሳብ አለው፤ እኛ 39፣ እነሱ 35 ነበርን። ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። ቅጣቱ የዘገየው በእኔ ጥፋት አይደለም እላለሁ፤ እሱም «በእኔም አይደለም» ይላል። ክርክሩ ሲጠብቅብኝ ማዲሰንን አነሳበታለሁ። ወደ ጎን ቢመታት ኖሮ ይሄ ሁሉ ክርክር አይኖርም ነበር። እዚህ ላይ ሁሌም ይናደዳል።

ሌስተር በዓመቱ ተመለሰ። ፌብሯሪ 1 ቀን 2025 ጉዲሰን ላይ ተገናኘን። እኔና እሱም የማይቀረውን መልእክት መለዋወጥ ጀምረናል። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፣ ፒክፎርድ ረጅም ለጋ፣ ዱኩሬ እየሮጠ ደረሰባትና አገባ። ጨዋታው ከተጀመረ 10 ሰከንድ ቢሆነው ነው። ስልኬ ጮኸ።

«ይሄ ሰውዬ ከእኛ ምን አለው?»

4 ለ 0 አለቀ። ያን ዓመት ሌስተር እንደገና ወረደ፤ በዚህኛው ግን እኛ የለንበትም።